እስቲ ዞር ይበሉልኝ

ጨዋ ሆኖ ያደገ የሰፈራችን ልጅ የማንንም ፊት በቅጡ አያውቅም። ትልቅ ሰው ሲያናግረን መሬት መሬት እንድናይ ነው ያሳደጉን። ቀና ብሎ ትክ ብሎ ያየ «ዓይን አውጣ» ይባላል፤ ሕፃን ላይ ዓይኑን የተከለ ደግሞ «እትፍ እትፍ በል እንጂ!» ይባላል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩን ሽማግሌዎች የምለያቸው በጫማቸው ነው። የአንደኛው የግራ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ የሌላኛው ማሰሪያ ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ይዘላል። ስለ ፊታቸው የጠየቀኝ እንደሆነ፣ ከላይ ባርኔጣ አለ፣ ከታች ፂም አለ፣ በመሐል ያለው ምርቃት ነው።

ይሄ ጉድ የታወቀኝ በኮምፒውተር የሰው ጭንቅላት መቅረጽ ልማር ብዬ ስነሳ ነው። ሸክላ የለ፣ ጭቃ የለ፤ ብሌንደር የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ የተቀመጠችውን ድቡልቡል ነገር እየሳቡ፣ እየጫኑ፣ እየላጉ አፍንጫና አገጭ ማውጣት ነው። ብሩሽ የሚሉት መሣሪያ ባለፈበት ይቆልላል፤ ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዘህ ስታሳልፈው ይቦረቡራል፤ ሺፍትን ስትይዝ ያለሰልሳል። ጀማሪ ሺፍት ላይ ሙጭጭ ይላል። የለሰለሰ ሁሉ ያማረ ስለሚመስለው ጉንጩንም ቅንድቡንም ልጎ ልጎ፣ ሲጨርስ እጁ ላይ የሚቀረው ያለቀ ሳሙና ነው።

አጎቴ አስቀድመው የጠየቁኝ ዋጋውን ነው።

«ስንት ገዛኸው?»

«በነፃ ነው ጋሼ።»

ፊታቸው ጠቆረ። (ቀና ብዬ አላየሁም፤ ከድምፃቸው ገምቼ ነው።) «ነፃ ነገር ኋላ ነው የሚያስከፍለው» አሉ። ታሪኩን ነገርኳቸው። የጀመረው ቶን ሮዘንዳል የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ ኩባንያው ሲዘጋ ፕሮግራሙ ገንዘብ ያወጡበት ባለሀብቶች እጅ ቀረ፤ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ «100 ሺህ ዩሮ አምጡና ለሕዝብ ይለቀቅ» ተባለ፤ ተጠቃሚዎቹም ከየአገሩ አዋጥተው በ7 ሳምንት ሞሉት።

«ዕድር ነዋ!» አሉ አጎቴ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፕሮግራሙን ያከብሩታል። የማይዋጥላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያላዋጣውም እኩል ይጠቀማል?» አዎ ጋሼ። «ሳይቀጣ?»

ወደ ጭንቅላቱ ልመለስ። በቪዲዮ የሚያስተምሩት ሁሉ ሳይሰለቹ የሚደጋግሙት አንድ ትእዛዝ አለ፦ አዙረው። ከፊት ብቻ እያየህ አትሥራ፤ በጎን እየው፣ ከላይ እየው፣ ከአገጩ ሥር ገብተህ እየው። ጀማሪ ይሰማል፤ ከፊት ሆኖ ይሠራል። ከፊት ሲታይ ዓይኑም አፍንጫውም አፉም በቦታው ነው፤ ደስ ብሎት ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ተመልሶ ዞር ሲያደርገው ሰውዬው ከጆሮው በኋላ የለም። የራስ ቅል ወደ ኋላ የቱን ያህል እንደሚሄድ የሚያምን ጀማሪ የለም። ዓይንም እንደዚሁ ነው፤ ቦታው ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት መሐሉ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም ግንባር ላይ ይሰቅለዋል። እንዲህ ያለው ስህተት የዓለም ሕዝብ የጋራ ሀብት ነው።

የጎኑ ጉዳይ ግን በእኛ ይብሳል ባይ ነኝ። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ተመልከቱ፤ ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኛ አዙረው፣ ሁለቱን ትልልቅ ዓይኖቻቸውን አፍጥጠው ነው የሚሳሉት። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ሰማዕቱን የሚገርፈው ወታደር ነው። በዚህ ሥዕል ሥር ቆሞ ያስቀደሰ ልጅ በጎን መታየት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። የቤተሰብ አልበም ግለጡ፤ አያቶቻችን ሁሉ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ለትምህርት የሚሆን አንድ ጆሮ አጣሁ።

አክስቴን ለመንኳቸው። «እትዬ፣ እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉልኝ፣ የጎን ፎቶ ላንሳዎት።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ለትምህርት ነው።»

«የጎን ፎቶ የሚያነሳ ፖሊስ ነው። በስተርጅና ልታሳስረኝ ነው?»

ተለምነው እሺ አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ስልኬን ከፍ ሳደርግ ግን አንገታቸው ብቻውን ወደ እኔ ተመለሰ፤ አገጫቸው ዝቅ፣ ከንፈራቸው ገጠም አለ። ደግመን ሞከርን። አሁንስ አልዞሩም፤ ነገር ግን ለፎቶው ክብር ሲሉ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ጆሯቸውን ሸፈኑት። የተረፈኝ የነጠላ ጥለት ነው፤ እሱን ከፈለጋችሁ በጣም ጥርት ያለ አለኝ።

ሥራዬንም አሳየኋቸው። ሁለት ቀን የደከምኩበትን ጭንቅላት አይተው «እግዚአብሔር ይማረው» አሉ። ብሌንደር ውስጥ ደግሞ ተሠርታ የምትመጣ ሱዛን የምትባል የጦጣ ጭንቅላት አለች፤ ማንም ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ መርጦ ያወጣታል። እሷ ጎን ላይ ተቀምጣ ነበር። «እቺ ግን!» አሉ አክስቴ፣ «እቺማ ነፍስ አላት! እጅህ ይባረክ ልጄ።» ትልቅ ሰው አይታረምም፤ አሜን አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ልማር ብዬም ሞክሬያለሁ። የሚኒባስ የኋላ ወንበር ለጆሮ ጥናት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የጆሮ የላይኛው ጫፍ ከቅንድብ፣ የታችኛው ከአፍንጫ ግርጌ ጋር ትይዩ እንደሆነ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል እንደሚልም ያረጋገጥኩት እዚያው ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ግን ማጅራቷ ላይ ዓይን ሲያርፍ ታወቃት፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘች።

እውነተኛ መምህር ያገኘሁት ቡና ላይ ነው። አክስቴ ቤት ጎረቤቶች ተሰብስበው የዕድሩን ሊቀመንበር አነሷቸው። ሰውዬው ፊት ሲቆሙ እኮ ከክራቫታቸው በላይ ቀና የሚል ሰው የለም! በሌሉበት ግን ሌላ ነው።

«አገጩ ቀድሞት ይገባል፤ እሱ ቆይቶ ነው የሚደርሰው» አለች አንዷ።

«ማጅራቱስ? ሁለት ነው እኮ፤ አንዱ በአንዱ ላይ።»

«አንድ ጆሮው ዝቅ ብሏል፤ ቀኙ።»

«ግራው ነው!» አለች ረከቦቱ አጠገብ ያለችው። «መነጽሩ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ለምን መሰለሽ?»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሲሜትሪ የሚባል ነገር አለ፤ በግራ ያደረግኸውን በቀኝም ያደርግልሃል፤ ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ፊቱን ግን መልአክ ያደርገዋል። አጠፋሁት። ሐሜት የሁለቱን ጎን እኩል አይሠራም። አቦል ሳያልቅ አገጩ ወጣ። ቶና ላይ የራስ ቅሉ ኋላ ተሞላ፤ ምክንያቱም አንዷ «ቤተ ክርስቲያን ከኋላው ከቆምሽ መቅደሱ አይታይሽም» ብላ ስፋቱን በእጇ ለካችልኝ። የትኛውም ቪዲዮ እንዲህ አላስተማረኝም። እነዚህ ሴቶች ሰውዬውን ሲያዞሩት ነው የኖሩት፤ ከላይም ያውቁታል፣ ከሥርም ያውቁታል፤ ከፊት ብቻ ነው አይተውት የማያውቁት።

በረካ ሊቀዳ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ናቸው።

«ኖር! ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ።»

ዓይን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ወደቀ። ላፕቶፑን ለመክደን አልደረስኩም። ጋሼ ሊቀመንበር መነጽራቸውን አስተካከሉ (ግራው ነው)፤ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። «ይዞራል?» አሉኝ። አዞርኩላቸው። በጎን አዩት፤ ከኋላ አዩት። ከሴቶቹ አንዷ ያነሳችውን ፈንዲሻ ሳትጎርሰው ቀረች።

«አወቅሁት!» አሉ። «የእኛ ገንዘብ ያዥ ነው!»

ስኒያቸውን ተቀብለው አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማጅራቱን ግን አሳንሰኸዋል። ጨምርበት።»