አገጫችንን አትርፈናል

እስከ ዛሬ ድረስ አገጩን ኮሮና ይዞት አልጋ ላይ የዋለ ኢትዮጵያዊ አልሰማሁም። አንድም! ጤና ሚኒስቴር ያን ሁሉ ጊዜ በየቀኑ ቁጥር ሲያወጣ አንድ የአገጭ ኬዝ ሪፖርት አድርጎ አያውቅም። ይህ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ መና አይደለም። አንድ ሕዝብ በብርድም በሐሩርም ማስኩን አገጩ ላይ አጥልቆ፣ አገጩን ነፋስ ሳያስነካ ያገኘው ድል ነው። ለድሉ ግን ሐውልት አልቆመም፤ ሜዳሊያም አልተሰጠም። ስለዚህ ቢያንስ እኔ የበኩሌን ላመስግን።

ከሥሩ ልጀምር። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው ተባለ። ታዲያ ከተሜው ወዴት ሮጠ? ወደ ገበያ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ፌጦ። ነጋዴዎቻችን ደግሞ በዝግጁነት አይታሙም። ቫይረሱ ገና የአዲስ አበባን መንገድ ሳይለምድ የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሁሉንም ሰፈር አዳርሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የስርጭት ፍጥነት ማጥናት ከፈለገ ከኛ ጉልት መጀመር ነበረበት።

መንግሥትም አልተኛም። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ዘጋ፤ ስብሰባና ስፖርት አቆመ። ለ15 ቀን ነው አለ። 15 ቀኑ ሰባት ወር ገደማ ፈጀ። (ልጄ እስከ ዛሬ «ለ15 ቀን» የሚል ቃል ከሰማ ፊቱ ይበራል።) ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን ይቆይ ተባለ። ለነሐሴ 23 የተቆረጠው ምርጫ ተራዘመ። መጋቢት 18 ደግሞ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አንድ የአገር ባህል መድኃኒት ተስፋ ሰጪ ውጤት ማሳየቱን አበሰረ። መድኃኒቱ ገና ብዙ ሙከራ ይቀረው ነበር። መግለጫው ግን ወዲያው ሠራ። የኛ ሰፈር ሰው መግለጫውን በሬዲዮ እንደሰማ ዳነ።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጅ ሲባል እኛ የምናውቀው ሰዓት እላፊና ፍተሻ ነው። ይኼኛው ግን የመጣው በሰላምታችን ነው። መጨባበጥ ተከለከለ። አዋጁን የጣሰ እስከ 3 ዓመት ይታሰራል፤ ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ይቀጣል። ከዚያ በፊት እጄ ይህን ያህል ያወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሕዝቡም ሕግ አክባሪ ነውና መጨባበጥ እርም አለ። ክርን ለክርን ይጋጫል። «ውይ ኮሮና!» ብሎ ይስቃል። ከዚያ ተቃቅፎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ፣ ሦስቴ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ይለያያል። እጅ ግን አልተነካካም።

ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ አይቻልም ተባለ። ካፌ ውስጥ ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከ3 ሰው በላይ አይቀመጥም። ይህን ሒሳብ ያወጣ ሰው ይባረክ። አራት ሆነን ስንሄድ አንዳችን ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ጋ ሄዶ ወንበሩን ወደኛ አዙሮ ይቀመጣል። ማኪያቶው እዚያ፣ ወሬው እዚህ። መሐላችን ያለው ርቀት የታዘዘው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ነበር ማለት ይከብደኛል። የድመት እርምጃ ከሆነ ግን ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጥበባችን ልግባ።

ሌላው ዓለም ማስክ ያደረገው ቫይረሱን ፈርቶ ነው። እኛ ያደረግነው ለጥበቃው ነው። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ቫይረስ አይታይም። ጥበቃ ግን ዱላውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ይታያል። የማይታየውን ትቶ የሚታየውን መፍራት ብልህነት እንጂ ስንፍና አይባልም። ስለዚህ በር ላይ ስንደርስ ማስካችን ከአገጭ ወደ አፍንጫ ይወጣል። በሩን ስናልፍ ከአፍንጫ ወደ አገጭ ይወርዳል። መጋረጃ በሉት። ብዙ ነገራችን ከአንገት በላይ ነው እየተባልን እንታማለን። ማስኩም ቦታውን አልሳተም። ከአንገት በላይ ነበር።

የታክሲውን ነገር አንሱልኝ። ግማሽ ሰው ይጫን፣ ታሪፉ እጥፍ ይሁን ተባለ። ከሁለቱ ትእዛዝ አንዱ እስከ መጨረሻው በታማኝነት ተፈጸመ። የቱ እንደሆነ ታክሲ ተሳፍሮ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ማለዳ እንደ እንጨት ተደርድረን እየሄድን ረዳቱ ድንገት «ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ! ትርፍ ጎንበስ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ያ ሁሉ አገጭ በአንዴ ተራቆተ። ሦስት ሰው ጎንበስ ብሎ በሌሎች ጉልበት ላይ ተነፈሰ። ትራፊኩ አየን፤ አለፍን። «አውርዱት በቃ» አለን ረዳቱ። የራሱን ማስክ እንደ ቆብ ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል።

ከሁሉም ግን የምወዳት የሙቀት መለኪያዋን ነው። አንድ ባንክ በር ላይ ተሰልፌያለሁ። ጥበቃው መለኪያዋን እንደ ሽጉጥ እየደገነ ግንባራችን ላይ ይተኩሳል። «ጢጥ።» ከፊቴ ያሉት እናት 33.4። «ይግቡ እማማ።» ቀጥሎ ያለው ጎረምሳ 32.8። «እለፍ።» እኔ 31.9። ሐኪም ቢያየኝ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ አምቡላንስ ይጠራልኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ 31 እኮ የሬሳ ሙቀት ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከ37.5 በላይ የሆነውን አታስገባ ነው ያሉኝ። ስለ ታችኛው የነገረኝ የለም» አለኝ።

ምን ይባላል? መመሪያ ነው። ሬሳ ሆኜ ገባሁ፤ ብሬንም አወጣሁ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ መለኪያዋ ባትሪ ጨርሳ ጠፍታለች። ጥበቃው ግን ሥራውን አላቆመም። ግንባር ላይ ይደግናል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ «እለፍ» ይላል። ለምን ይደክማል ብዬ ጠየቅሁት። «ካልደገንኩ ሰው አይሰለፍልኝም» አለ። የዚያን ጊዜውን አስተዳደራችንን ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጥበቃው ጎን ጀሪካኗ አለች። እግር የተሠራላት፣ ቧንቧ የተገጠመላት። በመጀመሪያው ሳምንት ውሃም ሳሙናም ነበራት፤ ፎቶም ተነሥታለች። በሁለተኛው ሳምንት ሳሙናዋ በእግሩ ሄደ። በሦስተኛው ውሃዋ አለቀ። እኛ ግን ለአንዲት ጀሪካን ብለን ሥርዓታችንን አናፈርስም። እጃችንን ከደረቀው ቧንቧ ሥር እናቀርባለን፤ ሁለቴ እናሻሻለን፤ እናራግፋለን፤ እንገባለን። ያንን ደረቅ እጅ ስናራግፍ ላየን እውነትም ውሃ የሚፈናጠቅ ይመስላል። ጥበቃው ራሱን ይነቀንቅልናል። ንጽሕናችን ተመዘገበ።

ቤት ስንገባ ደግሞ ስልኩ አለ። ሰው ጋ ስንደውል ከጥሪው በፊት የኮሮና ምክር ይቀድመናል። እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀት ጠብቁ፣ ምልክት ካያችሁ 8335 ላይ ደውሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ተቀምጠን ይህን ምክር በቀን አሥር ጊዜ ሰምተናል። ለመታጠብ 20 ሰከንድ ያስፈልጋል ይባላል። ውሃው ባይመጣም ምክሩ ግን ፈረቃ አልነበረውም፤ ሌሊትም ይመጣ ነበር። ይህን ያላመሰገነ ውለታ ቢስ ነው።

መዋዋሳችንን ግን ብተው እግዜርም አይወደውም። አንድ ወረዳ ደጅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ ፋይሉን ታቅፎ ቆሟል። ማስክ ረስቷል። ከውስጥ የሚወጣውን ወጣት «የኔ ወንድም፣ አንዴ ማስክህን» አለው። ወጣቱ አንድም ቃል ሳይናገር አውልቆ ሰጠው። ሰውዬው አጥልቆ ገባ፤ ፊርማውን አስፈረመ፤ ወጣ። ማስኩን ሁለቴ አራገፈው፤ በሁለት እጁ ይዞ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰ። አቤት ጨዋነት! ወጣቱም ተቀብሎ እዚያው አጠለቀው። የት ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ከአንድ ትሪ መብላትና መጎራረስ የለመደ ሕዝብ ከአንድ ማስክ ቢተነፍስ ምን ይገርማል?

ይህን ስል ጥበቡ የታችኛው ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከላይም ወርዷል፤ ከላይ ነው እንዲያውም የወረደው። ስለ ኮሮና መከላከል ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ተብሎ ተጠርቼ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ማስኩን አድርጓል። ሊናገር ሲነሣ ያወልቃል። አፉን ሲዘጋ ይሸፍናል፤ አፉን ሲከፍት ይገልጣል። ማይኩ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የሚጠርገው የለም። የመድረኩ መሪ ማስኩን ጆሮው ላይ አንጠልጥሎ «ርቀታችንን እንጠብቅ» ሲል ከጎኔ ያለው ሰውዬ በስምምነት ጭኔን መታ መታ አደረገኝ። በመጨረሻ ለማስታወሻ የሚሆን ፎቶ ተባለና ሁላችንም ደረጃው ላይ ተጠጋጋን። ፎቶ አንሺው «ፊታችሁ እንዲታይ» አለ። ማንም አልተከራከረም።

ቁጥሩንም እንደ ሎተሪ ነበር የምንጠብቀው። «ዛሬ ስንት ወጣ?» ይባላል በየማታው። ያኔ የደረስንበት አንድ ግኝት አለ፤ ሳይንስ ገና አልደረሰበትም። ፍርሃት ከቁጥሩ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። አገሪቱ ውስጥ አንድ ታማሚ ሲኖር በራችንን ዘግተን ነጭ ሽንኩርት አኘክን። 2012 ነሐሴ ውስጥ መንግሥት በሁለት ሳምንት 200,000 ሰው እመረምራለሁ ብሎ ዘመቻ ጀምሮ የቀኑ ቁጥር ከሺህ ሲያልፍ ግን ልባችን ተመለሰ። «ስለመረመሩ እኮ ነው የበዛው» አልን። ሳይመረመር ታሞ የሚያውቅ ያለ አይመስልም። ከዚያ የተራዘመው ሠርግ ሁሉ ተደገሰ።

ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው። የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ በቀኑ። በዓል ማክበር እናውቅበታለን። ክትባት ለአገሮች የሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ኮቫክስ የላከው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ አስትራዜኒካ የሚባል ክትባት ነበር። «ልከተብ ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጠይቀኝ። ድምፁ እንዲሰማ።

በዚያው ሰሞን የጽኑ ሕሙማን አልጋ ሞልቶ ሰው ለታመመ አባቱ ኦክስጅን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞር ነበር። ተመርምረው በኮሮና መሞታቸው የተመዘገበው ብቻ ከ7,500 በላይ ናቸው። ከነሱ መሐል የማውቃቸው አሉ። ሽሙጤ እዚህ ጋ አፉን ይዝጋ።

ያለፈው ሳምንት አንድ ጉዳይ ገጥሞኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ወረቀት አሁንም ተለጥፏል። ፀሐይ አንጥቶታል፤ «ክልክል» የሚለው ብቻ ደህና ይነበባል። ጀሪካኗም አለች። ቧንቧዋ ተነቅሎ ዣንጥላ ማስቀመጫ ሆናለች። ይህን ሳይ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄ ራሱ ወደ ኮቴ ኪስ ገባ። አንዲት የተጨማደደች ሰማያዊ ማስክ አወጣ። ከምን ጊዜ ጀምሮ እዚያ እንደነበረች አላውቅም። በልማድ አጠለቅኋትና ወደ ጥበቃው ሄድኩ።

ጥበቃው ከወንበሩ ብድግ አለ። በሐዘኔታ አየኝ።

«ጋሼ፣ ምነው? አገጭዎን አመመዎት እንዴ?»