ማስተካከያ፦ ጠበል የገባ መድኃኒት ያቁም ስለሚባለው

በሰሜን ሸዋ፣ በተለይ ወደ ጻድቃኔ ማርያም በሚጓዙ ምእመናን ዘንድ፣ «ጠበል የሚጠመቅ የአእምሮ ሕመምተኛ ክኒኑን መተው አለበት» እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር እንዲወሰድ በይፋ መክረዋል፤ ለአእምሮ ሕመም ሲሆን የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳቱ ግን ይታያል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ካቆመ፣ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊነሣበትና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ለአእምሮ ሕመም ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ደግሞ ሳይበላ ሲቆይና ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ ጠበሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ከሆነ ክኒኑን ማታ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሱባዔ ለሚገባ የአእምሮ ሕመምተኛም በየቀኑ ክኒን ፈንታ በየ2 እስከ 4 ሳምንት የሚወጋ መርፌ አለ።

«ሐኪም ጠበል ሲሰማ ይቆጣል» የሚባለውም ለሁሉም አይሠራም (የሚቆጣ አይጠፋም፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው)። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ዲኤስኤም 5፣ ሕመምተኛው ሕመሙን ከምን እንደመጣ እንደሚያስብና የት የት ርዳታ እንደፈለገ የሚጠይቁ 16 ጥያቄዎችን ይዟል። ስለዚህ ጠበል መግባትዎን ከሐኪምዎ አይደብቁ።