ጠዋት ውኃ፣ ከሰዓት ዓሣ

ለወንድ ልጅ ክርስትና አርባ ቀን እንጠብቃለን። ለጠላ መድረስ እንጠብቃለን። ለዓሣ ገንዳ ግን ምን ሲደረግ! ጠዋት መስታወቱን ገዝቶ፣ ረፋዱ ላይ ከቧንቧ ሞልቶ፣ ከሰዓት ዓሣ የሚለቅ ቀልጣፋ ሰው የሚገኘው በእኛው ከተማ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ፒያሳ አንድ አዲስ ካፌ ገብቼ ይህን ጥበብ በዓይኔ ስላየሁ፣ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

ገንዳው ካሸሯ አጠገብ ነው፤ ቢበዛ 40 ሊትር። ውስጡ 12 ጎልድፊሽ፣ አንድ የፕላስቲክ መርከብ፣ ሰማያዊ መብራት። ማኪያቶዬን ስጠብቅ አንዱ ዓሣ በጎኑ ተንሳፈፈ። አስተናጋጁ ግራ ቀኙን አይቶ በሻይ ማጥለያ አወጣው፣ በሶፍት ጠቀለለው፣ ኪሱ ከተተው።

«ደክሞት ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ካፌው ከተመረቀ ወር ሊሞላው ነው፤ የደከመው ከሦስተኛው ዙር ነበር። የመጀመሪያዎቹ የገቡት በምረቃው ዕለት፣ ከክብር እንግዶቹ ጋር እኩል ነው። በየቤታችን ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ሙሉ ያደረ አለን፤ ክፍቱን ያደረ ውኃ ዓሣ የሚጎዳው ክሎሪኑ ይተንለታል። ለዓሣ ግን ያደረ አይቀርብም፣ ትኩሱ ከቧንቧ ነው እንጂ! ደንበኛውም ቸር ነው፤ አንዷ እመቤት የኬክ ፍርፋሪ ጣል እያደረገች «እዩት ሲስመኝ!» ትላለች። ውኃው ሲደፈርስ ባለቤቱ የፊልተሩን ስፖንጅ ሳይቀር በቧንቧ ውኃ ሙልጭ አድርገው ያጥባሉ። ንጽሕና ወዳድ ናቸው። ማታ ሲዘጉ ደግሞ ለመብራት ቁጠባ ፊልተሩን ይነቅሉታል። ስፖንጁ ላይ ማቆጥቆጥ የጀመረው፣ የውኃውን መርዝ የሚበላው ባክቴሪያ ከእጥበቱ ቢተርፍ ከቁጠባው አይተርፍም። እንግዲህ እንደገና ከሀ ሁ።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ያ ዓሣ አፉን ወደ ላይ የሚከፍተው ሊስምሽ አይደለም፤ እየታፈነ ነው! ራሱ የሚያስወጣውና ከፍርፋሪሽ ብስባሽ የሚወጣው አሞኒያ የሚባል መርዝ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። አሞኒያውን የሚበላው ባክቴሪያ ሲመጣ ናይትራይት የሚባል ሌላ መርዝ ይተካል፤ እሱ ደግሞ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጠው ሌላ ባክቴሪያ እስኪደላደል አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሻጩ ይህን አያውቅም? ያውቃል እንጂ! አውቆ ነው ደርዘኑን የሚሸጠው፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰህ ትመጣለሃ። ዓሣ እንደሆነ አይጮህ፣ አይከስ።

ዓሣው ከገባ በኋላም እኮ መላ ነበረው፤ ቁጥሩን አንድ ሁለት ማድረግ፣ ቆንጥሮ ማብላት፣ ውኃውን በየቀኑ መለካት፣ አሞኒያው ከፍ ባለ ቁጥር ክሎሪን በሌለው ውኃ ከፊሉን መቀየር። ይህ ግን ሥራ ነው፤ ሥራ ለምረቃ ፎቶ አይመችም።

ለማንኛውም፣ የመጀመሪያዎቹ ሟቾች አርባ እየደረሰ ነው። ሒሳቤን ስከፍል «ተዝካር ይኖራል?» ብዬ አስተናጋጁን ጠየቅኩት።

«የለም ጋሼ፤ ባለቤቱ ኤሊ አዘዋል።»