የ13 ሰዓት መንገድ

አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ርቀትን በኪሎ ሜትር መቁጠር ትቻለሁ። እዚህ ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ስትጠይቁት "20 ደቂቃ ነው" ይላችኋል። እኛም ለመድነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ስንት ማይል እንደሆነ የሚነግራችሁ ሐበሻ ጥቂት ነው። ትራፊክ ከሌለ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

በዚህ ሒሳብ አገር ቤት 13 ሰዓት ነው። ከዋሽንግተኑ ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ ድረስ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠዋት የተነሳው አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በማግስቱ ማለዳ ቦሌ ይደርሳል። ስንመለስ ግን ያው መንገድ 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል። ቦሌ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ይላል። ሰውና ሻንጣ የሞላ አውሮፕላን አሜሪካ ድረስ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ እንደ ዱብሊን ያለ ከተማ ወርዶ ይሞላል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ከላይ አለ። ወደ አገር ቤት ስንሄድ ከኋላ ይገፋናል፤ ስንመለስ ፊት ለፊት ይገጥመናል።

ለእኔ ግን ቦሌ መድረስ መድረስ አይደለም። ቤተሰቦቼ ያሉት ደብረ ማርቆስ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር። እዚህ ከዲሲ ኒውዮርክ ከዚያ ይበልጣል። ሰው በ4 ሰዓት ነድቶ ደርሶ፣ ሠርግ በልቶ፣ ማታውኑ ይመለሳል። እዚያ ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ፣ ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዳችሁ፣ ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተታችሁ ደጀን ስትወጡ ቀኑ ተጋምሷል። ይህም መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ባለፉት ዓመታት "መንገድ ዝግ ነው" የተባልንበት ቀን ብዙ ነው። ያኔ 11,500ው አልፎ 300ው ያቅታል።

አባቴ የተቀበረው ሐሙስ ነው። እኔ የተረዳሁት ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ ወዳጆቼ በር አንኳኩተው ነው። ሥራ ላይ ሆኜ እንዳልሰማ ብለው ነበር የደበቁኝ። አልቀየምኳቸውም። በሰዓቱ ቢነግሩኝስ የት እደርስ ነበር? ሌሊት ላይ አረፈ፣ 9 ሰዓት ላይ ተቀበረ። መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የሐዘን ፈቃድ 3 ቀን ነው። መሄጃው 13፣ መመለሻው 17፣ ማርቆስ ደርሶ መልስ ሌላ 14 ሰዓት። አባቴ መቃብር ላይ የምቆመው ለስንት ሰዓት ነው?

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ለእነሱ 3 ቀን ይበቃል። አስከሬኑ ይጠብቃል፤ ቀብሩ ሩቅ ያለው ልጅ በሚደርስበት ቀን ይሆናል። በዚህ በጣም ቀናሁባቸው። አሁን አሁን አገር ቤትም ልጃቸው ውጭ ያለ ቤተሰቦች አስከሬን ሆስፒታል አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ሽማግሌዎች "ሬሳ አያድርም" ብለው ያጉረመርማሉ። እኔ ደግ አደረጉ እላለሁ። ልጅ የአባቱን አፈር ይመልስ።

ፈቃድ ለምኜ ለአርባው ደረስኩ። አገሬን ካየሁ 6 ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከቦሌ በዚያው ቀን መኪና ይዤ ሲመሽ ማርቆስ ገባሁ። ለቅሶው ጋብ ሲል እማዬ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"ስንት ሌሊት አደርክ በመንገድ፣ ልጄ?"

"አንድ።"

"አንድ ሌሊት" ብላ ደገመችው። ትንሽ ቆይታ ተነሳች። እግሬን ልታጥበኝ ውሃ ልታሞቅ ገባች።