ማደያው ይታየኛል፣ መንገዱ ግን የለም

ዛሬም ዞርኩ። ከከርቲስ ቤይ ቤንዚን ቀድቼ ደንዳልክ ላለ ማደያ ማድረስ ነው ሥራዬ። የባልቲሞርን ካርታ ክፈቱና እዩት፣ ሁለቱ ሰፈሮች ውሃ ነው የሚለያቸው። ድሮ በኪ ብሪጅ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ እሻገር ነበር። አሁን ከተማዋን በሙሉ በ695 ቀለበት መንገድ፣ በሰሜን በቶውሰን አድርጌ፣ እዞራለሁ።

«ከውሃው ሥር ባለው ታነል አትሄድም እንዴ?» ለምትሉኝ፦ አልሄድም! ነዳጅ የጫነ መኪና በሁለቱም ታነል ማለፍ ክልክል ነው። ለኛ የነበረችን ያቺው ድልድይ ናት። የሚከፈለኝ ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በትሪፕ ነው። አራቴ አመላልስበት በነበረው ቀን አሁን ሦስቴ ከተሳካልኝ እሰየው።

ማርች 26፣ 2024 ሌሊት ነው መርከብ ድልድዩን ገጭታ የጣለችው። ስድስት ሰው ሞተ። ድልድዩ ላይ ጉድጓድ ሲደፍኑ የነበሩ፣ እንደኛው እንጀራ ፍለጋ ከሰው አገር የመጡ ናቸው። እነሱን ሳስብ በራሴ ብሶት አፍራለሁ። ግን የሚያናድደው ምክንያቱ ነው። መርማሪዎቹ ያገኙት መርከቧ ውስጥ አንዲት የላላች ሽቦ ነው። ሽቦዋ ላይ የተለጠፈው መለያ በትክክል እንዳትገባ ከለከላት፣ መብራት ጠፋ፣ 300 ሜትር የሚሆን መርከብ ዝም ብሎ ሄዶ ምሰሶውን መታ። ባለቤቶቹ ደግሞ የ1851 ሕግ ጠቅሰው ኃላፊነታችን ከ44 ሚሊዮን ዶላር አይለፍ ብለው ፍርድ ቤት ገቡ። ቴዎድሮስ ገና ሳይነግሡ የወጣ ሕግ እኮ ነው!

የአዲሱ ድልድይ ዋጋማ አይነሳ። መጀመሪያ ከ1.7 እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2028 ያልቃል አሉን። በ2025 ኖቬምበር ላይ ከ4.3 እስከ 5.2 ቢሊዮን ሆነ፣ የሚከፈተውም በ2030 መጨረሻ። አዲስ አበባ ቤት ያሠራ ሰው ይቺን ዜማ ያውቃታል፣ «ብረት ጨመረ ጋሼ»። እውነትም ዕቃ ጨምሯል። ምሰሶውን ከመርከብ የሚከልለው ሥራም ቀላል አይደለም፣ አዲሱ ከውሃው 230 ጫማ ከፍ ይላል፣ የድሮው 185 ነበር። ይሁን። ግን ከእጥፍ በላይ ሲሆን ያን የመጀመሪያውን ቁጥር ማን ከየት አመጣው? ኮንግረስ ወጪውን ፌዴራል ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ብሎ ወስኗል፣ ሰውም «እኛን አይነካንም» እያለ ያጨበጭባል። ፌዴራል ማን ሆነና? ከደሞዜ ላይ በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጠው የት የሚሄድ ይመስላችኋል?

የመርከቦቹን መንገድ በ11 ሳምንት ጠርገው ከፈቱት። ብረት መልቀምና ድልድይ መሥራት አንድ እንዳልሆነ ገብቶኛል፣ ኮሜንት ላይ እንዳታስተምሩኝ። የድሮውም ከ1972 እስከ 1977 ነው የፈጀው። ግን ወደቡ ሲከፈት ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስል ጭብጨባው እዚያው ቆመ። የኔ ዲስፓቸር፣ ሥራ የሚመድብልኝ ሰውዬ፣ ራሱ ድልድዩ እንደሌለ የረሳ ይመስለኛል። ዛሬ ደውሎ «እስካሁን የት ነህ?» ይለኛል። ቶውሰን ነኛ!