የዱካዳምን እጅ የሰበረው ሰው የለም

ወንድሜ «የሩማንያው ክለብ የስቴዋ በረኛ ዱካዳም ከስፔን መኪና ተሸልሞ ስለመጣ የሩማንያው አምባገነን መሪ የቻውሼስኩ ልጅ ቀንቶ ጣቶቹን አሰበረው» ያልከው ወሬ በጣም የተለመደ ነው ግን ልክ አይደለም። እጁን ያስያዘው በሽታ ነው። ቀኝ ክንዱ ላይ የደም ስር ችግር ነበረበት፣ ደሙ እየረጋ ይዘጋበታል፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫን ባነሱ በወራት ውስጥ ታሞ ኦፕራሲዮን ሆነ ከዛ ለሦስት ዓመት ያህል ከሜዳ ጠፋ፣ ሰው ደግሞ ጀግናው ድንገት ሲጠፋበት ጊዜ የቻውሼስኩ ዘመን ስለሆነ የሆነ ነገር አድርገውት ነው ብሎ ጠረጠረ። ራሱ ዱካዳም ግን ማንም አልነካኝም በሽታ ነው ብሎ ስንቴ ተናግሯል።

«ከዛ በኋላ ኳስ አልነካም» የሚለውም ስህተት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ተመልሶ ለሌላ የሩማንያ ክለብ ለቫጎኑል አራድ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫውቷል።

እኔን የሚያናድደኝ በዚህ ወሬ ምክንያት የሴቪያው ሌሊት መረሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1986፣ የዋንጫው ፍጻሜ በስፔኗ ሴቪያ፣ ከባርሳ ጋር 120 ደቂቃ 0ለ0፣ ከዛ ፔናልቲ። የአሌክሳንኮን፣ የፔድራዛን፣ የፒቺ አሎንሶን ሦስቱንም ወደ ቀኙ ተወርውሮ አወጣ፣ አራተኛው መቺ ማርኮስ በሌላኛው በኩል ሲመታ ዱካዳም ቀድሞት በግራ ወድቆ ነበር። አራት ከአራት! የስቴዋም የመጀመሪያ ሁለት ፔናልቲዎች ተስተው ነበር እኮ፣ እሱ ባይኖር ዋንጫው የባርሳ ነበር። ታህሳስ 2024 መጀመሪያ ላይ በ65 ዓመቱ አርፏል፣ ነፍሱን ይማር።