ለክቡር የመንገድ ጉድጓድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለጤናዎ እንኳ አንሠጋም። የጃንዋሪ ውርጭ ተስማምቶዎታል፤ ሰፋ ብለዋል፣ ጠለቅም ብለዋል። በአስፋልቱ ስንጥቅ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል፣ ሲቀልጥ ሥሩን ባዶ ያስቀራል፣ የቀረውን የከባድ መኪና ጎማ ይጨርሰዋል። ለረጅም ዕድሜዎ ግን ውርጩን ብቻ አያመስግኑ። ሕዝቡ ስለ እርስዎ የሚያንኳኳው የተሳሳተ በር ነው።

በእንግሊዝ ትንሽ ከተማ ጎማው የፈነዳበት ሰው የሚሮጠው ወደ ከተማው ምክር ቤት ነው። አይፈረድበትም። ቅርብ ነው፣ ስሙም የከተማ ነው፣ ከንቲባውም በበዓል ቀን የማዕረግ ሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያጠልቃሉ። ሰንሰለቱን ያየ ሥልጣን ያየ ይመስለዋል። ከንቲባው ግን የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ናቸው፤ በየዓመቱ ሜይ ላይ ባልደረቦቻቸው ይመርጧቸዋል፣ ድምፅ እኩል ሲሆን ወሳኙን ይሰጣሉ፣ ሪባን ይቆርጣሉ። አካፋ የያዘ ሠራተኛ ወደ እርስዎ መላክ አይችሉም።

መንገዱ የእነርሱ አይደለማ! ዊትኒ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንውሰድ። ቆሻሻ የሚያነሳው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውና ካውንስል ታክስ የሚባለውን የመኖሪያ ቤት ግብር የሚሰበስበው የዌስት ኦክስፎርድሺር ዲስትሪክት፣ ማለትም የወረዳው ምክር ቤት፣ ነው። መንገዱና ትምህርት ቤቱ ከዲስትሪክቱ በላይ ያለው የኦክስፎርድሺር ካውንቲ ምክር ቤት ናቸው። የከተማ ምክር ቤት ድርሻ በአብዛኛው መናፈሻ፣ የመቃብር ስፍራ፣ የልጆች መጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበርና የመሳሰለው ነው። በግንባታ ማመልከቻ ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ መከልከል ግን አይችልም። ለንደን የኖረ ሐበሻ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታል፤ እዚያ ቆሻሻውንም የሰፈሩን መንገድም የሚይዘው ያው አንዱ ቦሮው (የክፍለ ከተማው ምክር ቤት) ነውና፣ ወደ ትንሽ ከተማ ሲዛወር ሦስት ካውንስል፣ የከተማ፣ የዲስትሪክትና የካውንቲ፣ ይጠብቀኛል ብሎ አያስብም።

አሁን የሚወዱትን ክፍል እንንገርዎ። አንድ የተበሳጨ ነዋሪ ስብሰባው ላይ ይነሳል። ለሕዝብ በተፈቀደው ጊዜ፣ ብዙ ቦታ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው፣ ስለ እርስዎ ይናገራል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ውሳኔ ግን የለም፤ አጀንዳ ላይ ያልሰፈረ ጉዳይ አይወሰንበትም። አጀንዳው ከስብሰባው በፊት ሦስት ሙሉ ቀን ቀድሞ መውጣት አለበት። የወጣበት ቀን፣ የስብሰባው ቀንና እሑድ አይቆጠሩም፤ ለማክሰኞ ስብሰባ ቢዘገይ ሐሙስ መለጠፍ አለበት። ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋሉ። በወሩ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛ፣ ያውም ከሦስት የማያንስ ሰው፣ ካልተገኘ ምልዓተ ጉባኤ የለምና እንደገና ይተላለፋሉ። ከተሟላ ደግሞ ለካውንቲው በሚላከው ደብዳቤ ላይ «እንጠይቃለን» ይባል ወይስ «አጥብቀን እናሳስባለን» የሚለው ክርክር ይከፈታል። ነገሩን ለአንድ ንቁ አባል ሰጥቶ «አንተ ጨርሰው» ማለትም አይቻልም፤ የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ሥልጣን ለኮሚቴ ወይም ለሠራተኛ እንዲሰጥ እንጂ ለአንድ አባል ብቻ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ደብዳቤውን የምትጽፈው ጸሐፊዋ ናት፤ በብዙ ትንንሽ ምክር ቤቶች ያለችው ተቀጣሪ እርሷ ብቻ ናት፣ ያውም የግማሽ ቀን። በዚህ ሁሉ መሐል እርስዎ ሁለት ጎማ ይበላሉ።

«ካውንስል ታክስ እከፍላለሁ!» ብሎ የሚጮህም አለ። ይከፍላል። የከተማው ምክር ቤት የሚፈልገውን ገንዘብ ለዲስትሪክቱ ያሳውቃል፣ ዲስትሪክቱ በአንድ ቢል ከካውንቲውና ከፖሊሱ ድርሻ ጋር ይሰበስብለታል። ትልቁ ድርሻ የካውንቲው ነው። ሰውዬው ቢሉን ገልብጦ ቢያነብ ማን ላይ መጮህ እንዳለበት እዚያው ተጽፎለታል፤ ደግነቱ ቢል የሚያነብ የለም።

የሚፈሩት አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ማስመሪያ ይዞ የሚመጣው። ጥልቀትዎን ይለካል፤ ብዙ ካውንቲዎች ጉዳዩን የሚይዙት ከ40 ሚሊሜትር ጀምሮ ነው። ፎቶ ያነሳል፣ ትክክለኛ ቦታዎን ካርታ ላይ ጠቁሞ በቀጥታ ለካውንቲው ያመለክታል፣ የማመልከቻውን ቁጥር ያስቀምጣል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ቢባልም ካውንቲ ይከሰሳል። በ1980ው የአውራ ጎዳና ሕግ አንቀጽ 41 መንገዱን የመጠገን ግዴታ አለበት፤ በአንቀጽ 58 ደግሞ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ካስረዳ ያመልጣል። ቀኑ የተመዘገበ ማመልከቻ ግን «አልሰማንም» የሚለውን መልስ ያበላሽበታል። ያ ሰው አጠገብዎ አዲስ የውሃ ወይም የጋዝ ቦይ መኖሩን ካስተዋለማ የባሰ ነው፤ ቆፋሪው ድርጅት የደፈነውን ሁለት ዓመት፣ ቦይው ከአንድ ሜትር ተኩል የጠለቀ ከሆነ ሦስት ዓመት ዋስትና ይሰጥበታል፣ ወጪውም የእርሱ ነው።

ደግሞም አይደንግጡ። ለጥገና ተመርጠው ዙሪያዎ ነጭ ቀለም ቢቀባም ገና ተስፋ አለ። ሠራተኞቹ በዝናብ ቀን መጥተው፣ ውሃዎን ሳይጠርጉ፣ ጠርዝዎን በመጋዝ ሳያስተካክሉ፣ ሬንጅ ሳይቀቡ ቀዝቃዛ አስፋልት ጥለው በአካፋ ጀርባ ጠፍጥፈው ከሄዱ፣ በቀጣዩ ውርጭ እንደገና እንገናኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጎማ ባለቤቶች